ትንፋሹን የያዘው ሰው፦ አካባቢ ጥበቃ ሃይማኖት ነው ወይ?

ስለ አየር ንብረት ለውጥ ክርክር ሲነሣ ሳይባል የማይቀር አንድ ነገር አለ፦ «ይኼ እኮ ሃይማኖት ሆኗል!» ብዙ ጊዜ ይህ የሚባለው ጨዋታውን ለመዝጋት ነው። ሃይማኖት ከሆነ በማስረጃ መሟገት ቀርቷል፤ ያመነ ይመን፣ ያላመነ ይተው ነው ነገሩ። የተባለበት ሰው ደግሞ ፊቱ ይለዋወጥና «የምንናገረው ሳይንስ ነው» ብሎ ይነሣል። በዚያው ተኳርፈው ይለያያሉ።

እኔ ግን ንጽጽሩ በቁጣ ብቻ የሚታለፍ አይመስለኝም። ግማሹ እውነት ነው። እውነት የሆነው ግማሽ ደግሞ ከሁሉ በፊት ምድርን እንወዳለን የምንል ሰዎች ልንሰማው የሚገባ ነው። ሐሰቱ ከየት እንደሚጀምር የሚታየውም እውነቱን ካመንን በኋላ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ንጽጽሩን በሰፊው ካሰሙት አንዱ አሜሪካዊው ልብ ወለድ ጸሐፊ ማይክል ክራይተን ነው። በ2003 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ባደረገው ንግግር፣ ሃይማኖትን ከሰው ልብ ማውጣት አይቻልም፣ በአንድ በኩል ሲገፉት በሌላ በኩል ይመለሳል፣ በዘመናችን የከተማ ኢአማንያን የመረጡት ሃይማኖትም አካባቢ ጥበቃ ነው አለ። ከዚያ አንድ በአንድ አጋጠመው። ሰውና ተፈጥሮ ተስማምተው የኖሩበት ገነት አለ። ሰው ከዕውቀት ዛፍ በልቶ ምድርን የበከለበት ውድቀት አለ። በሥራችን የተነሣ ወደ ሁላችን የሚመጣ የፍርድ ቀን አለ። መዳኛው «ዘላቂነት» የሚባለው ነው። ፀረ ተባይ ያልነካው ምግብ ደግሞ ቁርባኑ ነው።

ይገጥማል። አልክድም። ግን መግጠሙ ብቻውን ምን ያረጋግጣል? ሐኪም ዘንድ የሄደ አጫሽ አስቡ። ድሮ ሳንባው ንጹሕ ነበር፤ ሲጋራ ጀመረና ወደቀ፤ በዚሁ ከቀጠለ ሞት ይጠብቀዋል፤ ከተወ ይድናል። ገነት፣ ኃጢአት፣ ፍርድ፣ ንስሐ፣ ድኅነት፦ አንድም የጎደለ የለም። ሆኖም ሐኪሙን «አንተ እኮ ሰባኪ ነህ» ብሎ የሚወጣ በሽተኛ ሞኝነቱን ነው የሚያሳየው፤ በራጁ ላይ የሚታየው ጥላ የታሪኩን ቅርጽ አይቶ አይጠፋም። ሰው ስለ ከባድ አደጋ ሲናገር ታሪኩ በዚህ መልክ ይወጣል። የታሪክ ቅርጽ ስለ ተናጋሪው ብዙ ይነግረናል፤ ስለ ሳንባው ግን ምንም አይነግረንም።

እንግዲህ መጀመሪያ ስለ ተናጋሪው እንነጋገር።

ቤተ መቅደስ የተባለው ሸለቆ

መመሳሰሉ ድንገት የመጣ አይደለም፤ ትውልድ አለው። የአሜሪካ የተፈጥሮ ጥበቃ እንቅስቃሴ አባት ከሚባሉት አንዱ ጆን ሚዩር በ1838 ስኮትላንድ ተወለደ፤ ልጅ ሳለ ቤተሰቡ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። አባቱ እጅግ አጥባቂ ክርስቲያን ነበሩ። ሚዩር አዲስ ኪዳንን በሙሉ፣ ከብሉይ ኪዳንም አብዛኛውን በቃሉ ያጠናው በግርፋት ጭምር እንደሆነ ራሱ ጽፏል። ካደገ በኋላ የአባቱን ሃይማኖት ጥብቅነት ትቶ ወደ ተራራ ወጣ፤ ቋንቋውን ግን ይዞት ነው የወጣው። ስለ ዛፍና ስለ በረዶ ግግር የጻፈውን ያነበበ ሰው የመዝሙረኛውን ዜማ ይሰማበታል።

በ1906 ሳን ፍራንሲስኮ በመሬት መንቀጥቀጥና በእሳት ወደመች። ከተማዋ ውኃ ያስፈልጋታል። ዓይኗን የጣለችው በዮሰሚቲ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ባለው ሄች ሄቺ በሚባል ሸለቆ ላይ ነበር፤ ገድበው ሊሞሉት አሰቡ። ሚዩር እንደ ነቢይ ተነሣ። ሄች ሄቺን ከምትገድቡ ካቴድራሎቻችሁንና አብያተ ክርስቲያናታችሁን የውኃ ማጠራቀሚያ አድርጓቸው፤ የሰው ልብ ከዚህ የበለጠ የተቀደሰ ቤተ መቅደስ ባርኮ አያውቅም የሚል ቃል ጻፈ። ተሸነፈ። በ1913 የአሜሪካ ኮንግረስ ግድቡን ፈቀደ፤ ሚዩር በዓመቱ ሞተ። ሸለቆው እስከ ዛሬ ውኃ ውስጥ ነው፤ ከተማዋም እስከ ዛሬ ትጠጣዋለች።

ፈረንሳዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ኤሚል ዱርኬም በ1912 ሃይማኖትን ሲበይን ዋናው ነገር በአምላክ ማመን አይደለም አለ። ዋናው ነገር አንዳንድ ነገሮች «ቅዱስ» ተብለው መለየታቸው፣ ከተራው ነገር ጋር እንዳይነካኩ መከልከላቸው፣ በዚህም ዙሪያ ሰዎች አንድ ማኅበር መሆናቸው ነው። በዚህ መለኪያ ከሄድን ብሔራዊ ፓርክ ማለት ቅጥር ያለው ቅዱስ ስፍራ ነው፤ መግባት በሥርዓት፣ መንካት ክልክል። ንጽጽሩ እዚህ ላይ እውነት ነው። እኔ ደግሞ በዚህ አላፍርበትም። የሚሸጥና የማይሸጥ ነገር መለየት የሰው ልጅ ብልኃት ነው። ደን ለድርድር በቀረበ ቁጥር ትንሽ ይቆረጣል፤ በሚቀጥለው ድርድር የተቆረጠው አይመለስም፤ የቀረው ለሁለት ይከፈላል። አንዳንድ ነገር የሚተርፈው «ይህ ለድርድር አይቀርብም» የሚል ሰው ሲኖር ብቻ ነው።

ዋጋው ግን ይህ ነው፦ ቤተ መቅደስ ካልነው ቦታ ማዶ ውኃ የጠማው ሰው ቢቆም ምን እንደምንመልስለት አናውቅም። ሚዩርም አጥጋቢ መልስ አልነበረውም፤ ግድቡን የደገፉትን የገንዘብ አምላኪዎች አድርጎ ነበር የሚያያቸው። ከመካከላቸው ግን የተቃጠለች ከተማ ነዋሪዎችም ነበሩ።

ጠርሙሱና ትኬቱ

እጃችሁ ላይ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ አለ እንበል። ከፊታችሁ ሁለት የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ቆመዋል፤ አንዱ ተመልሶ ለሚሠራበት፣ ሌላው ለተራው ቆሻሻ። ቸኩላችኋል፤ ወደ ተራው ወረወራችሁት። ማንም አላየም። ሁለት እርምጃ እንደሄዳችሁ ግን ደረት ላይ አንድ ነገር ቆንጠጥ ያደርጋል። የዚያ ቁንጥጫ ስሙ ጥፋተኝነት ነው፤ ማንም ሳያይ የሚሰማ ጥፋተኝነት ደግሞ የሃይማኖት ሰዎች ከማንም በላይ የሚያውቁት ነገር ነው።

ስሜቱ ክፉ አይደለም። ችግሩ ሚዛን የሌለው መሆኑ ነው። ያ ጠርሙስ ከአየር ንብረት አንጻር ያለው ክብደት በግራም የሚቆጠር ነው። አንድ ረጅም የአውሮፕላን ጉዞ ግን በአንድ ተሳፋሪ ከአንድ ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሊያወጣ ይችላል። ጠርሙሱን በትክክለኛው ቦታ የጣለው ሰው ንጹሕ ሆኖ ይሰማዋል፤ በማግስቱ ይበራል። ሕሊናው የሚሠራው በምልክት ነው፤ አየሩ ግን ቶኑን ብቻ ነው የሚያውቀው።

ትኬቱን ሲገዛ ደግሞ አንድ ትንሽ ሣጥን ትመጣለች፦ «ትንሽ ጨምረው የጉዞዎን ካርቦን ያካክሱ።» ይከፍላል። ገንዘቡ ለምሳሌ ሊመነጠር የነበረ ደን እንዳይነካ ለሚያደርግ ፕሮጀክት ይሄዳል፤ ያልወጣው እያንዳንዱ ቶን «የካርቦን ክሬዲት» ተብሎ ይሸጥለታል። እዚህ ላይ ቆም ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። «ሊመነጠር የነበረ» ያለው ማን ነው? ክሬዲቱ የሚሰላው ገንዘቡ ባይመጣ ኖሮ ምን ያህል ደን ይጠፋ ነበር ከሚል ግምት ተነሥቶ ነው። ያ ደግሞ ሆኖ የማያውቅ ነገር ነው፤ ማንም አላየውም። ሻጩ አደጋውን ካጋነነ፣ ያልዳነ ቶን ይሸጣል። በ2023 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ፣ በስድስት አገሮች 26 የደን ፕሮጀክቶችን የመረመረ ጥናት አብዛኞቹ ፕሮጀክቶች ጭፍጨፋውን ጉልህ በሆነ መጠን እንዳልቀነሱ፣ የቀነሱትም ከሸጡት እጅግ ያነሰ እንደሆነ አገኘ።

በ1517 ማርቲን ሉተር የተነሣበት አንዱ ምክንያት ለኃጢአት የሚገባውን ቅጣት የሚያስቀር ደብዳቤ በገንዘብ መሰጠቱ ነበር። የካርቦን ማካካሻን ከዚያ ደብዳቤ ጋር የሚያመሳስሉ ተቺዎች አሉ፤ ልክ ናቸው ብዬ አምናለሁ። ሁለቱም ሥራን ሳይለውጡ ልብን ያሳርፋሉ። ነገር ግን ማካካሻውን ማን እንዳጋለጠው ልብ በሉ። ከሳተላይት ምስል ላይ ፕሮጀክት ያለበትን ደን ፕሮጀክት ከሌለበት ተመሳሳይ ደን ጋር አስተያይተው የቆጠሩ ተመራማሪዎች ናቸው፤ ብዙዎቹም ለደን የሚቆረቆሩ ሰዎች። ይህን ነጥብ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ርኩስ የተባለው ኃይል

ቅዱስ ያለበት ቦታ ርኩስም አለ። በብዙ የአካባቢ ጥበቃ ማኅበራት ዘንድ ርኩስ ሆኖ የኖረው የኑክሌር ኃይል ነው። ፍርሃቱ ከባዶ ሜዳ አልመጣም፤ በ1986 ቼርኖቢል፣ በ2011 ፉኩሺማ ላይ የማመንጫ አደጋ ደርሷል፤ ለሺህ ዓመታት የሚቆይ ቆሻሻም አለ። ዋጋው ውድ ነው፣ ግንባታው ዓመታት ይፈጃል ብሎ የሚቃወም ሰው ደግሞ በቁጥር ስለሚከራከር በቁጥር ይመለስለታል።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ተቃውሞ ነው፤ ቁጥር የማይሰማው። ጀርመን የመጨረሻዎቹን ሦስት የኑክሌር ማመንጫዎቿን ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ዘጋች፤ በዚያ ቀን የድንጋይ ከሰል ማመንጫዎቿ ይሠሩ ነበር። እኩል መጠን ያለው ኤሌክትሪክ ለማመንጨት ሲሰላ፣ በተለይ በተበከለ አየር ምክንያት፣ የድንጋይ ከሰል የሚገድለው ሰው ኑክሌር ከሚገድለው በመቶዎች እጥፍ ይበልጣል፤ አደጋዎቹ ተቆጥረውም ቢሆን። ኑክሌር ሲሠራ ካርቦን አያወጣም። ካርቦን መቀነስ ዋናው ነገር ነው ብሎ የተነሣ እንቅስቃሴ ከሰሉ እየነደደ ኑክሌሩ ሲዘጋ ደስ ካለው፣ ያን ደስታ ያመጣው ስሌት አይደለም፤ የመንጻት ስሜት ነው። ክራይተንና መሰሎቹ እዚህ ላይ ጣታቸውን የቀሰሩት ትክክለኛ ቁስል ላይ ነው።

ስለ ትንቢትም እንዲሁ። አሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ምሁር ፖል ኧርሊክ በ1968 ባሳተመው መጽሐፍ በ1970ዎቹ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሰዎች በረሃብ እንደሚያልቁ ጻፈ። ረሃብ ነበረ፤ ያ እልቂት ግን አልደረሰም፤ የተሻሻሉ የእህል ዝርያዎችና ማዳበሪያ ምርቱን አሳደጉት። በ1980 ከኢኮኖሚ ባለሙያው ጁሊያን ሳይመን ጋር ተወራረደ፦ መዳብ፣ ክሮሚየም፣ ኒኬል፣ ቆርቆሮና ተንግስተን በአሥር ዓመት ውስጥ ይወደዳሉ ወይስ ይረክሳሉ? በ1990 ረክሰው ተገኙ፤ ኧርሊክ 576 ዶላር ከ7 ሳንቲም የቼክ ክፍያ ላከ። መሠረታዊ ሐሳቡን ግን አልለወጠም። ትንቢቱ ሲከሽፍ ቀኑን እየገፋ የሚሄድ ሰው በሃይማኖት ታሪክ ውስጥ የሚታወቅ ሰው ነው፤ በእኛም ሰፈር አለ።

እስከዚህ ድረስ ለተቃዋሚው ሁሉንም ሰጠሁት። አሁን ወደ ሳንባው እንሂድ።

ትንፋሽን መያዝ

በሃዋይ ደሴት ማውና ሎዋ በሚባል እሳተ ገሞራ ተራራ ላይ፣ ወደ 3,400 ሜትር ከፍታ፣ አንድ የአየር መመልከቻ ጣቢያ አለ። አሜሪካዊው ኬሚስት ቻርልስ ዴቪድ ኪሊንግ በ1958 የካርቦን ዳይኦክሳይድን መጠን በዚያ መለካት አስጀመረ። በዚያም ሆነ በሌሎች ጣቢያዎች አየር በጠርሙስ የሚቀዳበት ሥርዓት አለ። ቀጂው አየሩ ተመጦ የወጣለትን ባዶ ብርጭቆ ጠርሙስ ይዞ ወደ ውጭ ይወጣል። ፊቱን ወደ ነፋሱ ያዞራል። ትንፋሹን ይይዛል። ከዚያ ክንዱን ዘርግቶ ቧንቧውን ይከፍታል፤ አየሩ እየፎጨ ይገባል፤ ይዘጋዋል። ከዚያ በኋላ ነው የሚተነፍሰው።

ላየው ሰው ይህ ራሱ የአምልኮ ሥርዓት ይመስላል፤ በቀጠሮ፣ በተወሰነ ቦታ፣ በተወሰነ አቋቋም፣ በጸጥታ። ግን ትንፋሹን የሚይዘው ለምንድን ነው? ኪሊንግ በጀመረበት ጊዜ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውሎች ካርቦን ዳይኦክሳይድ የነበሩት 315 ገደማ ናቸው። ከሰው አፍ በሚወጣው ትንፋሽ ውስጥ ግን 40,000 ገደማ ናቸው። አንድ ትንፋሽ ጠርሙሱ ውስጥ ከገባ የተለካው ሰውዬው ነው፣ አየሩ አይደለም።

ለእኔ ልዩነቱ በሙሉ እዚህ ላይ ነው ያለው። የሃይማኖት ሥርዓት ምእመኑን ይፈልገዋል፤ ልቡ ከሌለበት ጸሎቱ ባዶ ነው። የዚህ ሥርዓት ዓላማ ግን ሰውዬውን ከውጤቱ ማስወጣት ነው። ቀጂው ምድርን የሚወድ ቢሆን፣ የነዳጅ ኩባንያ ባለድርሻ ቢሆን፣ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ቁጥር አይለወጥም። ቁጥሩ ዛሬ ከ420 በላይ ነው። ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት 280 ገደማ እንደነበረ በበረዶ ውስጥ ታፍኖ ከቆየ ጥንታዊ አየር ይታወቃል። በየዓመቱ ከፍ ዝቅ ሲልም ይታያል፤ በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ሞቃት ወራት ዕፅዋት ሲያድጉ ካርቦኑን ይስቡታልና ይወርዳል፣ ቀዝቃዛዎቹ ወራት ሲመጡ ይወጣል። ምድር ስትተነፍስ ማለት ነው። ትንፋሹን የያዘ ሰው ነው የምድርን ትንፋሽ ያገኘው።

«ቁጥሩ እውነት ይሁን፤ ሙቀቱን ያመጣው እሱ መሆኑን ግን አምናችሁ ነው» የሚል ይኖራል። ስለዚህ የሐሳቡን ልደት እንይ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሙቀት እንደሚይዝ በ1850ዎቹ በቤተ ሙከራ ታይቷል። በ1896 ስዊድናዊው ኬሚስት ስቫንቴ አሬኒየስ፣ መጠኑ በእጥፍ ቢያድግ የምድር ሙቀት በ5 ወይም 6 ዲግሪ ሴልሺየስ ይጨምራል ብሎ በእጁ አሰላ። ሁለት ነገር ልብ በሉ። አሬኒየስ የፍርድ ቀን ሰባኪ አልነበረም፤ ቀዝቃዛ አገሮች ቢሞቁ መልካም ነው ብሎ ነው ያሰበው። ሐሳቡ ከጥፋት ስብከት አልተወለደም። ሁለተኛ፣ ቁጥሩ እንደ ዶግማ አልተጠበቀም። የመንግሥታቱ ድርጅት የአየር ንብረት ለውጥ ሳይንቲስቶች ጉባኤ በ2021 ያወጣው ግምት ከ2.5 እስከ 4 ዲግሪ ነው፣ መካከለኛው 3። ማስረጃ ሲመጣ የመሥራቹ ቁጥር ወረደ፤ ማንም አልተወገዘም።

ከዚህም የጠበቀ ፈተና አለ። ሙቀቱ የመጣው ፀሐይ ስለበረታች ነው እንበል። ያኔ ከባቢ አየሩ ከታች እስከ ላይ ይሞቃል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሆነ ግን ነገሩ ለየት ይላል። ታችኛው አየር ውስጥ ጋዙ ከምድር የሚወጣውን ሙቀት ስለሚያቅብ ይሞቃል። ከላይ፣ ስትራቶስፌር በሚባለው ስስ አየር ውስጥ ግን ያው ጋዝ ሙቀትን ወደ ሕዋ ይረጫል፤ ጋዙ ሲበዛ ርጨቱ ይበዛል፤ ስለዚህ ላይኛው አየር ይቀዘቅዛል። የአየር ንብረት ሳይንቲስቶቹ ስዩኩሮ ማናቤና ሪቻርድ ዌዘራልድ ይህን በ1967 በኮምፒውተር አስልተው አሳተሙ፦ ታች ይሞቃል፣ ላይ ይቀዘቅዛል። ያን ጊዜ ይህን የሚያረጋግጥ የረጅም ዘመን ልኬት አልነበረም። በኋላ ሳተላይቶች ለኩ፤ ላይኛው ስትራቶስፌር እየቀዘቀዘ ነው። ሞቆ ቢገኝ ኖሮ ሐሳቡ ወድቆ ነበር። ማናቤ በ2021 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተካፈለ።

ትንቢትና ትንበያ የሚለያዩት በዚህ ነው፤ በተናጋሪው ስሜት ሙቀት አይደለም። ትንበያ ከመናገሩ በፊት የሚወድቅበትን ቦታ ያሳያል። ኧርሊክ የወደቀበት ውርርድ ራሱ ይህን ያሳያል፤ በቁጥር ስለተናገረ በቁጥር ተረታ።

አንድ አስቸጋሪ ነገር ግን ይቀራል። በመጽሐፍ ቅዱስ ዮናስ «ነነዌ ትገለበጣለች» ብሎ ሰበከ፤ ሰዎቹ ንስሐ ገቡ፤ ከተማዋ ተረፈች፤ ዮናስም ትንቢቱ ስላልደረሰ አዘነ። ማስጠንቀቂያ ሲሰማ ይከሽፋል። ታዲያ የከሸፈውን ማስጠንቀቂያ ሐሰት ከነበረው በምን እንለየዋለን? ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚጠብቀን የኦዞን ንጣፍ ታሪክ መልሱን ይዟል። በ1974 ኬሚስቶቹ ማሪዮ ሞሊናና ሸርዉድ ሮውላንድ በማቀዝቀዣና በሽቶ መንፊያ ውስጥ ያለው ክሎሮፍሎሮካርበን የሚባል ጋዝ ላይ ወጥቶ ክሎሪኑን ይለቃል፣ ክሎሪኑም ኦዞንን ይበላል አሉ። አምራቾች አጣጣሉት። በ1985 በአንታርክቲካ ላይ ኦዞኑ እጅግ ሳስቶ መገኘቱ ተነገረ። በ1987 በሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ፤ ጋዙ ደረጃ በደረጃ ከገበያ ወጣ። ዛሬ አንዳንድ ሰው «ያ ሁሉ ጩኸት የት ደረሰ?» ይላል። የት እንደደረሰ ተለክቷል፦ በስትራቶስፌር ያለው ክሎሪን እየቀነሰ ነው፣ ኦዞኑም በዚያው ልክ ማገገም ጀምሯል፤ በ2022 በወጣው የመንግሥታቱ ድርጅት ግምገማ መሠረት አንታርክቲካ ላይ በ2066 ገደማ ወደ 1980 ይዞታው ይመለሳል። በኧርሊክ ትንቢትና በዚህ መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው፤ እዚህ የተረፍንበት መንገድ ራሱ ደረጃ በደረጃ የሚለካ ነው።

አንድ ዳኛ፣ ሁለት መዝገብ

ጉዳዩ ፍርድ ቤትም ደርሷል፤ ከሁሉም በላይ ነገሩን ያጠራልኝ ይህ ነው።

በብሪታንያ አንድ የኩባንያ የዘላቂነት ኃላፊ በ2008 ከሥራ ተቀነሰ። የተቀነስኩት ስለ አየር ንብረት ባለኝ እምነት ነው ብሎ ከሰሰ። በአውሮፕላን መሄድ ትቷል፣ ቤቱን ለዚሁ ብሎ አድሷል። የአገሪቱ ሕግ ሠራተኛን በሃይማኖቱ ወይም በፍልስፍናዊ እምነቱ ምክንያት ማግለልን ይከለክላል። የክርክሩ አሰላለፍ ከለመድነው የተገለበጠ ነው፦ አካባቢ ተቆርቋሪው «እምነት ነው» ይላል፤ ኩባንያው «የለም፣ የሳይንስና የፖለቲካ አመለካከት ነው፣ ስለዚህ ጥበቃ አይገባውም» ይላል። በኅዳር 2009 የይግባኝ ችሎቱ ዳኛ ማይክል በርተን ለሠራተኛው ፈረዱ። ከልብ የተያዘ፣ ክብደት ያለው፣ የሰውን ሕይወት የሚመራ እምነት ከሆነ ሕጉ ይጠብቀዋል አሉ።

እኚሁ ዳኛ ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ2007፣ ሌላ መዝገብ ይዘው ነበር። መንግሥት ስለ አየር ንብረት ለውጥ የተሠራ አንድ ታዋቂ ዘጋቢ ፊልም ለትምህርት ቤቶች ላከ፤ ተቃዋሚ ከሰሰ። በርተን የፊልሙን አባባሎች ከሳይንሱ ጋር አስተያዩ። ዋናው ጭብጥ በጥቅሉ ትክክል ነው፣ ዘጠኝ አባባሎች ግን ከሳይንሱ ስምምነት ወጥተዋል አሉ፤ ከማብራሪያ ጋር ይታይ ብለው ፈረዱ።

በአንዱ መዝገብ የመዘኑት አባባልን ነው፤ እውነት ነው ወይስ አይደለም? በሌላው የመዘኑት ሰውን ነው፤ ከልቡ ነው ወይስ አይደለም? «ሃይማኖት ነው» የሚለው ክርክር ሁለቱን መዝገቦች አንድ ላይ ይሰፋቸዋል። የሰውዬውን ግለት ያሳይና ቁጥሩን ውድቅ ያደርጋል። የእኛም ሰው በተራው እንዲሁ ይሳሳታል፤ ቁጥሩ ትክክል ስለሆነ የእኔም ግለት፣ የእኔም ርኩስና ቅዱስ፣ የእኔም ምርጫ ሁሉ ሳይንስ ነው ይላል። ካርቦን እየጨመረ መሆኑ የተለካ ነገር ነው። ኑክሌር ይዘጋ ማለት ግን የፖሊሲ ምርጫ ነው፤ እንደማንኛውም ምርጫ ይመረመራል።

ሃይማኖቶቹስ ምን ይላሉ?

በዚህ ክርክር ውስጥ «ሃይማኖት» የሚለው ቃል እንደ ስድብ መዋሉ ያሳዝነኛል። ያላሰበ፣ ያልጠየቀ፣ የተነዳ ማለት ይመስል። አማኞቹ ራሳቸው ግን በጉዳዩ ላይ ከማንም ያላነሰ አስበዋል።

በ1967 የታሪክ ምሁሩ ሊን ዋይት ሳይንስ መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ፣ የምዕራቡ ክርስትና ሰውን ከተፈጥሮ በላይ አድርጎ ስላስቀመጠ ለምድር መጎዳት ከባድ ኃላፊነት አለበት አለ። ቁጣው ብዙ ነበር። ክርክሩ በኦሪት ዘፍጥረት ሁለት ቦታዎች ላይ አረፈ። በምዕራፍ 1 ሰው ምድርን «ግዙአት» ይባላል። በምዕራፍ 2 ደግሞ እግዚአብሔር ሰውን በገነት ያኖረው «ያበጃትም ይጠብቃትም ዘንድ» ነው። ገዢ ወይስ ጠባቂ? ሙስሊሞችም በቁርኣን ሰው በምድር ላይ ኸሊፋ፣ ምትክ፣ ከመባሉ ተነሥተው አደራ ተቀባይ ነው ይላሉ። ዋይት ጽሑፉን የጨረሰው ሃይማኖትን በመጣል አልነበረም፤ ወፎችን ወንድሞቼ ያላቸው የአሲሲው ፍራንሲስ የሥነ ምኅዳር ሰዎች ጠባቂ ቅዱስ ይሁን ብሎ ነው። በ1979 የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ሁለተኛ ይህንኑ አወጁ። በ1997 የቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ በርተሎሜዎስ፣ ዝርያዎችን ማጥፋት፣ ደን ማውደም፣ አየርና ውኃን መበከል ኃጢአት ነው አሉ። ምሳሌ አልነበረም፤ ቃሉን በሙሉ ትርጉሙ ነው የተናገሩት።

ይህን ያልኩት ሳይንስ የማይደርስበት አንድ ቦታ ስላለ ነው። ሁለት ሰዎች በእያንዳንዱ ቁጥር ተስማምተው፣ አንዱ «አይተነው የማናውቀው እንቁራሪት ቢጠፋ ምን ቸገረን?» ቢል፣ ሌላው ቢያዝን፣ የሚዳኛቸው መሣሪያ የለም። የአየር ጠርሙሱ ካርቦኑ ስንት እንደሆነ ይነግራል፤ ለምን እንደሚያገባን አይነግርም። የሚያገባን ለምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ከዱሮም የሃይማኖትና የፍልስፍና ነው፤ እዚህ ላይ ጎረቤት መሆናችን የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ሳይንቲስቶቹም ይህን ያወቁ ይመስለኛል። በ1990 ጥር ወር ሞስኮ ላይ በተደረገ ጉባኤ የሥነ ፈለክ ምሁሩ ካርል ሴገንና ሌሎች እውቅ ሳይንቲስቶች ለዓለም የሃይማኖት መሪዎች የጋራ ጥሪ ላኩ። ሴገን ሃይማኖተኛ ያልነበረ፣ ዕድሜውን ያለ ማስረጃ መቀበልን ሲሞግት የኖረ ሰው ነው። ከፈራሚዎቹ መካከል ስለ ኦዞን ኬሚስትሪ ቆየት ብሎ ከሞሊናና ከሮውላንድ ጋር የኖቤል ሽልማት የተካፈለው ፖል ክሩትዘን ነበረበት። ልኬቱን ከማንም በላይ የሚያውቁት እነዚህ ሰዎች ለካህናቱ፣ ለሼኮቹና ለመነኮሳቱ የጻፉት ልመና ነበር፤ ሰው ቅዱስ አድርጎ የሚያየውን ነገር ይንከባከባልና፣ እርዱን።